የአባታችሁን ፊልም ካሜራ አገኛችሁ? ዲጂታል የለመደ እጅ የመጀመሪያውን ጥቅል እንዲህ ያንሳ

ሐዋሳ ውስጥ ሰርግና ምርቃት የማነሳው በዲጂታል ነው። አንገቴ ላይ ግን አንድ አሮጌ ዜኒት (የሶቪየት ፊልም ካሜራ) ስለማይጠፋ፣ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ያው አንድ ጥያቄ ይመጣል። «የአባቴ ካሜራ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ፣ ይሠራል? ዲጂታል እችላለሁ፣ ይሄን ግን ከየት ልጀምር?» ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ስመልስ ደከመኝ፣ እዚህ አንዴ ልገላገለው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ከዚህ ነው የሚመጡት። ዲጂታል የሚፈራው ብርሃን ሲበዛ ነው። ሰማዩ አንዴ ነጥቶ ከጠፋ አይመለስም፣ የጨለመ ፊት ግን ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ይወጣል። ኔጋቲቭ ፊልም (ሲታጠብ ብሩሁ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቶ የሚወጣው) ግልባጩ ነው። ብርሃን ቢበዛበት ይችለዋል፤ ሁለት እርከን ቢያልፍም ምስሉ እዚያው አለ። ብርሃን ካነሰው ግን ጥላው ውስጥ ምንም አይቀረጽም፣ ያልተቀረጸ ነገር ደግሞ ከየትም አይመጣም። (እርከን የምለው ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው።) ስለዚህ «ሰማዩ እንዳይነጣ ትንሽ ጨለም አድርገህ አንሳ» የሚለውን የዲጂታል ልማድ ቤት ትታችሁት ኑ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ካሜራው፣ ከነሌንሱና ከነክዳኑ
- ባለ 35 ሚሊ ሜትር ባለቀለም ኔጋቲቭ ፊልም፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ ሁለት ጥቅል (አንዱ መማሪያ ነው፣ አትሳሱለት)
- ዲጂታል ካሜራችሁ፣ ከሌለ የብርሃን መለኪያ አፕ የተጫነበት ስልክ
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ
- አቧራ ማናፈሻና ለስላሳ ጨርቅ
- ጥቁር የሱፍ ክር (ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ታያላችሁ)
- የሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምትወጣዋ እርጥበት መጣጭ ጋር። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ይቺ ትንሽ ነገር ሌንስ ታድናለች።

1. ፊልም ከመግዛታችሁ በፊት የሚታጠብበትን ቦታ አግኙ

ብዙ ሰው ይሄን የሚያስታውሰው አንስቶ ሲጨርስ ነው። በራፉ ላይ «ፎቶ ቤት» ስለተጻፈ ፊልም ያጥባል ማለት አይደለም፤ ዛሬ አብዛኛው የሚያትመው ከስልክና ከሜሞሪ ካርድ ነው። ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለቀለም ኔጋቲቭ፣ ማለትም ሲ-41 ታጥባላችሁ? በሳምንት ስንት ጥቅል ይመጣላችኋል? ኔጋቲቩን ትመልሳላችሁ? ሁለተኛው ጥያቄ ነገረኛ ይመስላል፣ ግን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ኬሚካል ይደክማል፣ የደከመ ኬሚካል ቀለም ያዛባል።

አጣቢ ያገኛችሁት አዲስ አበባ ከሆነ በሚሄድ ሰው እጅ መላክ ይቻላል። ፊልሙን መኪናው ፊት መስታወት ስር ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው ግን አደራ በሉት። ምንም ካጣችሁ ጥቁርና ነጭ ፊልም ግዙና ቤት እጠቡ፣ ደረጃ 9 ላይ አለ።

2. ካሜራውን ባዶውን ፈትሹ

የባትሪ ቤቱን ክፈቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በጥጥ ትንሽ ኮምጣጤ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት። ዜኒት ኢ ከሆነ ባትሪ አትፈልጉ፤ ሻተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) መካኒካል ነው፣ የብርሃን መለኪያውም በራሱ በብርሃኑ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንዳንድ የድሮ የጃፓን ካሜራዎች በ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር የሚሠሩት፣ እሱ አሁን አይመረትም። በቦታው 1.5 ቮልት ብታስገቡ መለኪያው ሊዋሻችሁ ይችላል። አትጨነቁ፣ ብርሃን የምንለካው በዲጂታሉ ነው።

ቀጥሎ የጀርባውን ክዳን ክፈቱና ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሩ። ማንሻውን (ፊልሙን ወደሚቀጥለው ፎቶ የሚያሻግረውን) ሳቡ፣ ሻተሩን ተኩሱ። በሁሉም ፍጥነት ሞክሩት። ብርሃን ብልጭ ሲል ማየት አለባችሁ። ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን በዓይን ማወቅ አይቻልም፣ ስልካችሁ ግን ይችላል። በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጸው የዝግታ ቪዲዮ ካሜራውን ከጀርባ ቅረጹት፣ ሻተሩን 1/30 ላይ አድርጋችሁ። ከዚያ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እየገፋችሁ ፊልሙ የሚቀመጥበት ክፍተት መሃል ነጥብ ላይ ብቻ ብርሃን የታየባቸውን ፍሬሞች ቁጠሩ። 8 ገደማ ከሆነ ጤነኛ ነው። 11 ወይም 12 ቢሆን ሻተሩ ሰንፏል፣ ያ ማለት ትርፍ ብርሃን ነው፣ ኔጋቲቭ ፊልም ይችለዋል። 16 ከሆነ አንድ ሙሉ እርከን ዘግይቷል፤ ያኔ ፎቶ ስታነሱ አስቡለት።

ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ስፖንጅ በዕድሜ ይሟሟና እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ሥራው ብርሃን መከልከል ነው፣ ካለቀ ፊልሙ ላይ ብርቱካንማ ጭረት ይወጣል። በእንጨት ስንጥር ቀስ ብላችሁ ፋቁትና በቦታው ጥቁሩን የሱፍ ክር አስገቡ። ርካሽ ነው፣ ግን ይሠራል።

ሌንሱን በስልክ መብራት አሻግራችሁ እዩት። ውስጡ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ትንሽ ከሆነ ለመጀመሪያ ጥቅል አያስቸግርም፣ ግን ከሌላ ሌንስ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታኑሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ የሻተሩን መጋረጃ በጣት አትንኩ፣ በማናፈሻም አጠገቡ ሄዳችሁ በኃይል አትንፉበት። በጣም ስስ ነው፣ ከተበሳሳም የሚሠራው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

3. ፊልም ምረጡ

አይኤስኦ 200 ያልኩት በምክንያት ነው። ዲጂታል ላይ በእያንዳንዱ ፎቶ መካከል አይኤስኦ ትቀይራላችሁ፤ ፊልም ላይ አንዴ ከጫናችሁ እስከ 36ኛው ድረስ ያው ነው። የዜኒት ትልቁ ፍጥነት 1/500 ነው፣ የተለመደው ሌንሱም የሚዘጋው እስከ ኤፍ 16 ነው (የኤፍ ቁጥር ሲበዛ የሌንሱ ቀዳዳ ይጠብባል)። በሐዋሳ የቀትር ፀሐይ አይኤስኦ 400 ጭናችሁ ብትወጡ 1/500 እና ኤፍ 16 ላይ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ በላይ መሄጃ የለም። ዳራውን ማደብዘዝ ብትፈልጉ አትችሉም። በ200 ትንሽ መተንፈሻ ታገኛላችሁ።

ዘመድ ከውጭ ሲያመጣላችሁ ደግሞ ይሄን ንገሩት፦ ፊልሙ በእጅ ቦርሳ ይግባ፣ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ አይደለም። የጭነቱ ኤክስሬይ ኃይለኛ ነው። ለእጅ ቦርሳም አንዳንድ ኤርፖርት አዲሱን ሲቲ ስካነር አስገብቷል፣ እሱም ያልታጠበ ፊልም ያበላሻል። ስለዚህ በእጅ እንዲፈትሹለት በትህትና ይጠይቅ።

ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ፊልም ከነማሸጊያው ሁለት ሰዓት ውጭ ይቆይ። ቶሎ ከከፈታችሁት ቀዝቃዛው ፊልም ላይ ላብ ይይዛል።

4. ጫኑ (እዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው)

የአጎቴ ልጅ መልስ ላይ 36 ፎቶ አነሳሁ። ቆጣሪው 36 አለ። ከዚያ 37፣ 38፣ 40 አለ። ደስ ብሎኝ «ትርፍ ሰጠኝ» ብዬ አነሳሁ። ፊልሙ ከመጀመሪያውም ጥርሱን አልያዘም ነበር፤ ሙሉውን መልስ ያነሳሁት በባዶ ነው። ዘመዶቼ እስካሁን ይስቁብኛል።

ጥላ ውስጥ ግቡ፣ ቢያንስ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። የጥቅሉን ቤት በግራ በኩል አስገቡ። የፊልሙን ምላስ ስባችሁ በቀኝ ያለው መጠምጠሚያ ስንጥቅ ውስጥ ሰኩት። ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከላይም ከታችም በጥርሶቹ ላይ መቀመጣቸውን እዩ። ክዳኑን ሳትዘጉ ማንሻውን አንዴ ሳቡ። ምላሱ ከተጠመጠመ ዝጉት።

አሁን ዋናው ፍተሻ። በግራ ያለውን መጠቅለያ ቁልፍ እስኪከብዳችሁ ድረስ ቀስ ብላችሁ ወደ ፍላጻው አቅጣጫ አዙሩ፣ የላላው ፊልም ይወጠራል። ከዚያ ማንሻውን ስትስቡ ያ የግራ ቁልፍ በራሱ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም፣ ከፍታችሁ እንደገና ጫኑ። ሁለት ባዶ ተኩሱና ቆጣሪውን ዜሮ ላይ አድርጉት፣ ዜኒት ኢ ላይ በእጅ ነው የሚመለሰው።

ክዳኑ ላይ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉበት። ሰርግ ላይ «እስቲ አሳየኝ» ብሎ ከኋላ የሚከፍት አጎት አይጠፋም።

5. አይኤስኦውን ካሜራው ላይ ሙሉ

የድሮ ካሜራ ላይ ቁጥሩ በዲን (በድሮው የጀርመን መለኪያ) ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። 21 ማለት 100፣ 24 ማለት 200፣ 27 ማለት 400 ነው። መለኪያው ከሞተ ደግሞ ይሄ ቁጥር ማስታወሻ ብቻ ነው።

6. ብርሃኑን በዲጂታሉ ለኩ

ዲጂታሉን በእጅ ማስተካከያ ላይ አድርጉት። አይኤስኦ 200። የሻተር ፍጥነቱንም ፊልም ካሜራው ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱን ስጡት፦ 30፣ 60፣ 125፣ 250፣ 500። ከዚያ አፐርቸሩን፣ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ማለቴ ነው፣ እያስተካከላችሁ አንሱ። ስክሪኑ ላይ ፊቱ ደህና ሲታይ ያንን ቁጥር ያዙና አንድ እርከን ብርሃን ጨምሩበት። ዲጂታሉ 1/250 እና ኤፍ 11 ካለ፣ ፊልሙን 1/250 እና ኤፍ 8 ላይ አንሱት።

«ሰማዩ አይነጣም?» ትሉ ይሆናል። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጁ ዛፍ ስር ተቀምጦ መረቡን ይፈታል፣ ከኋላው ሐይቁ በፀሐይ ያበራል። ጥላውና ሐይቁ መካከል ሦስት እርከን ያህል አለ። በዲጂታል ብትሆኑ ለሐይቁ ለክታችሁ ሰውዬውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ታነሱታላችሁ። በፊልም ግን ለሰውዬው ፊት ለኩ፣ ሐይቁ የራሱ ጉዳይ ነው። ትንሽ ይገረጣል እንጂ አይጠፋም። ከኋላ የቆመችው ነጯ ጀልባ እንኳ ቅርጿ ይኖራል።

ሌላው ወጥመድ ነጭ ልብስ ነው። በገብርኤል ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ነጠላ ለብሶ ነው። የካሜራ መለኪያ ያየውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል፣ ስለዚህ ነጩን ግራጫ ለማድረግ ብርሃን ይቀንሳል። የኛ ፊት ደግሞ በዚያ መሃል ጭቃ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቀረብ ብላችሁ ከፊቱ የጥላ ጎን ለኩ። መቅረብ ካልቻላችሁ በዚያው ብርሃን ውስጥ ያለ አስፋልት ላይ ለኩ፤ ያረጀ አስፋልት መለኪያው ለሚፈልገው ግራጫ ቅርብ ነው።

የዲጂታሉ ባትሪ ቢያልቅስ? ለአይኤስኦ 200 ይሄን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ፍጥነቱን ሁልጊዜ 1/250 አድርጉና፦

- ጠራራ ፀሐይ፦ ኤፍ 16
- ስስ ደመና፣ ጥላ የሚታይበት፦ ኤፍ 11
- ደመና፣ ጥላ የሌለበት፦ ኤፍ 8
- በረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ፦ ኤፍ 5.6፣ ጥርጣሬ ካላችሁ ኤፍ 4

ከተጠራጠራችሁ ብርሃን ጨምሩ፣ ሁልጊዜ። ሰዓቱም ይረዳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሐይቁ ላይ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ትጥላለች፣ በፊልምም በዲጂታልም አያምርም።

7. ፎከስ፣ ዝጉ፣ ተኩሱ፣ ጻፉ

የዜኒት የተለመደው ሌንስ ሄሊዮስ 44-2 አፐርቸሩን በራሱ አይዘጋም። ሁለት ቀለበት አለው። አንዱ ላይ የምትፈልጉትን ቁጥር ትመርጣላችሁ፣ ሌላው ይከፍታል ይዘጋል። ከፍታችሁ ፎከስ አድርጉ፣ ምክንያቱም ክፍት ሲሆን ምስሉ ብሩህ ነው፣ ፎከሱም ግልጽ ይታያል። ከዚያ ቀለበቱን እስከ መቆሚያው ዝጉና ተኩሱ። መዝጋት ከረሳችሁ በኤፍ 2 ትተኩሳላችሁ፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ያ ስድስት እርከን ትርፍ ነው፣ ይሄን ያህሉን ፊልምም አይችልም።

ሌላ ነገር፣ የዜኒት መመልከቻ ከሚቀረጸው ያነሰ ነው የሚያሳየው። ጠርዝ ላይ የቆረጣችሁት ባጃጅ ፊልሙ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ትንሽ ጠጋ በሉ።

ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ቁጥሩን፣ ፍጥነቱን፣ አፐርቸሩንና ብርሃኑ ምን እንደነበር ጻፉ። «12፣ 250፣ ኤፍ 8፣ ታቦር ላይ፣ ደመና» ብትሉ ይበቃል። ዲጂታል ይሄን ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ይመዘግብላችኋል፣ ፊልም አይመዘግብም። ሳትጽፉ ሦስት ጥቅል ብታነሱ ከሦስቱም ምንም አትማሩም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከካሜራው ጋር የተገኘውን የድሮ ፍላሽ ዲጂታላችሁ ላይ እንዳትሰኩ። አንዳንዶቹ የመቀስቀሻ ቮልቴጃቸው ከ200 በላይ ነው፣ የዲጂታሉን ሰርኪዩት ያቃጥላል።

8. ጠቅልላችሁ አውጡ

ማንሻው አልሳብ ሲል ፊልሙ አልቋል። አታስገድዱት፣ ይቀደዳል። የመጠቅለያ መልቀቂያውን ተጫኑ (ከታች ትንሽ ቁልፍ ናት፣ ወይም የሻተሩ ቁልፍ ዙሪያ ያለ ቀለበት) እና የግራውን ቁልፍ በፍላጻው አቅጣጫ አዙሩ። ይከብዳል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ ድንገት ይለቃል። ሲለቅ ሁለት ዙር ጨምሩና ክፈቱ። ሳይጠቀለል የተከፈተ ፊልም ይቃጠላል።

ፊልሙ መሃል ላይ ከተቀደደ ወይም ከተጣበቀ እስኪመሽ ጠብቁ። መስኮት የሌለው ክፍል ግቡ፣ የበር ስንጥቁን በፎጣ ድፈኑ፣ ስልካችሁን ውጭ ተዉ። ቀን ላይ ጋቢ ተከናንባችሁ እንዳትሞክሩት። ጋቢ ሙቀት ይይዛል እንጂ ብርሃን አይይዝም።

9. ማጠብና ወደ ዲጂታል መቀየር

ቶሎ አሳጥቡ። በካሜራው ውስጥ አንድ ዓመት የከረመ ፊልም ቀለሙ ይደክማል፣ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ባለቀለሙ በ38 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚታጠበው፣ ሙቀቱ በትንሹ ከተዛባ ቀለሙ አብሮ ይዛባል። ስለዚህ ለጀማሪ ቤት ውስጥ አልመክረውም።

ጥቁርና ነጩ ይቅር ባይ ነው። ማጠቢያ ታንክ፣ ዲቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል)፣ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው)፣ ቴርሞሜትር፣ በቃ። ሙሉ ጨለማ የሚያስፈልገው ፊልሙን ታንኩ ውስጥ ስትጠመጥሙ ብቻ ነው፣ ከዚያ መብራት አብሩ። ለምሳሌ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፊልም በአይኤስኦ 400 ተነስቶ፣ ባልቀጠነ አይዲ-11 ዲቨሎፐር ውስጥ በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል። የሐዋሳ የቧንቧ ውሃ ብዙ ጊዜ ከ20 በላይ ነው። ኬሚካሉ ያለበትን ዕቃ በረዶ የገባበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና ቴርሞሜትሩን እዩ። ከሞቀ ቶሎ ይሠራል፣ ኔጋቲቩም ከልክ በላይ ይጠቁራል። ከዲቨሎፐሩ በኋላ በውሃ አለቅልቁ፣ ፊክሰር ውስጥ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ በደንብ እጠቡ። አቧራ በሌለበት፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ስቀሉት። መስኮቱ ይዘጋ። መስኮቱ መንገድ ዳር ከሆነና በጋ ከሆነ የሚገባውን አቧራ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አብርሆት ያለው ነጭ ስክሪን (ታብሌት ይሆናል፣ ግን ፒክስሎቹ እንዳይታዩ ኔጋቲቩን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት) ላይ አድርጋችሁ በዲጂታሉ በቅርብ አንሱት፣ በሮ (RAW፣ ጥሬ ፋይል) ፎርማት። ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን ገልብጡት። እዚህ ጋ የዲጂታል ደንብ ይመለሳል፦ የምታነሱት አሁን በዲጂታል ነው፣ ስለዚህ እንዳይነጣ ተጠንቀቁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ኔጋቲቩ ሙሉ በሙሉ ባዶ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን አሉ፦ ማጠቡ ደህና ነው፣ ፊልሙ አልተጫነም ወይም ሻተሩ አልተከፈተም። ቁጥሮቹም ከሌሉ ችግሩ ማጠቡ ላይ ነው። አጣቢውን ከመውቀሳችሁ በፊት ይሄን እዩ።

ሁሉም ፎቶ ግራጫና ጉድፍ የበዛበት፦ ብርሃን አንሷል። ደረጃ 6ን እንደገና አንብቡት።

የእያንዳንዱ ፎቶ ግማሽ ጥቁር፦ ፍላሽ ተጠቅማችሁ ፍጥነቱን ከፍ አድርጋችኋል። ዜኒት በፍላሽ የሚሠራው 1/30 ላይ ነው።

ኔጋቲቩን ፎቶ ቤት ጥሎ መምጣት፦ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ስካኑን በቴሌግራም ተቀብለው ኔጋቲቩን የሚረሱ አሉ። ስካኑ ቅጂ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ትንሽ ቅጂ። ሄዳችሁ አምጡት።

ሙሉ ጥቅሉ ባዶ፣ ካሜራውም ጤነኛ፦ ያገኛችሁት ካሜራ ዜኒት ሳይሆን ፌድ ወይም ዞርኪ ከሆነ መመልከቻው በሌንሱ በኩል አያሳይም። የሌንሱ ክዳን ሳይወልቅ እንኳ ሐይቁ ጥርት ብሎ ይታያችኋል።